ሠላሳ አሥር

ቀን ሲበርድለት፣ የከዚራ ዛፎች መተንፈስ ሲጀምሩ፣
ኮት እደርባለሁ፤ በድሬ ሙቀት ኮት፣ ያዩኝ ይናገሩ፤
እጅጌው ሰፊ ነው፣ ለዚያ ነው፤ ባንደኛው ኪስ ካርታ፣
በሌላው መሐረብ፣ አንድ ብር ሳንቲም፣ እንቁላል ለማታ።

እርግብ ነበረችኝ። የገንደቆሬ ድመት ባንድ ሌሊት ጨረሳት።
ከዚያ ወዲህ በእንቁላል ነው፤ ሥራ ካልተገኘ ጠብሼ የምበላት።

«ምን ትሠራለህ?» አለ ጋሽ ኪሮስ፣ የድራፍቱን አረፋ በቢላ እየቆረጠ፤
«ምትሃት» ስለው ቢላው አየር ላይ ቆመ፣ ፊቱ ተለወጠ።
«መተት?»
«አይ ጋሼ፣ የእጅ ነገር ነው፤ ዓይን ወዲህ ሲል እጅ ወዲያ።»
«እሱንማ አስተናጋጆቼ ይችሉታል አቦ፤ ያውም ያለ ጭብጨባ፣ ያለ መግቢያ።
የጠፋብኝን የምትመልስ ብትሆን፣ ዛሬውኑ በቀጠርኩ።»
መመለስ አላውቅበትም። አመስግኜ ወጣሁ፤ ቀጣዩን በር ቆጠርኩ።

መጋላ፣ ሳንቡሳ የምትጠብስ ሴት፣ ዘይቷ እየተንጣጣ፣
ጎንበስ ብላ፦ «ባሌን፣ ከዚያችኛዋ ቤት... ስንት ነው የሚያስመጣ?»
«የኔ ጥበብ፣ እህቴ፣ ከክንዴ ርዝመት አያልፍም» ብላት፣
አንዲት ሳንቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ አዝና ይሁን ታዝባ፣ እንጃላት።

ለገሃር ፊት ያለው ሆቴል፦ «ዘፋኝ አለን፤ ይበቃናል።»
ከሱ ጀርባ ያለው፦ «በነፃ ሞክር፤ ሰው ከወደደህ፣ ስለ ክፍያ ያኔ ይወራል።»
ሰው ወደደኝ። ሦስት ዓርብ። ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ።
በአራተኛው፣ ስለ ክፍያ ሳነሳ፣
ባለቤቱ ተሰወረ፤
እንዲያ ያለ ንጹሕ ሥራ እኔ እንኳ ሠርቼ አላውቅ።

ከዚያ ሳቢያን። የአቶ ዚያድ ልጅ፣ የረውዳ ልደት፣ ሰባት ዓመት።
አምስት መቶ ብር፣ እራት ከነሱ፤ በስልክ ያለቀ፣ ያለ ፊርማ፣ በእምነት።
ልጆች ምንጣፍ ላይ፣ አፋቸው ኬክ፤ ጎረምሶች ከኋላ፣ ጉንጫቸው ጫት፤
ከረውዳ ጆሮ ሳንቲሟን መዘዝኩ፤ ጨበጥኳትና «እፍ በይባት!»

እፍ አለች።
መብራት ጠፋ።

ሳሎኑ ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ በሞላ፣ ዓይን እስከሚደርስ።
ጩኸት። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ፦ «ወስዶታል! መልስ!»
«መልስ! መልስ!» ሃያ ልጅ በጨለማ፤ ሳንቲሟ በጡጫዬ፣
ላቤ ከኮቴ ውስጥ ቁልቁል፣ እስከ ጫማዬ፤
መብራት ኃይል፣ ሳናወራ ሳንስማማ፣ ሆኖ አረፈው ባልደረባዬ።

«ቁጠሩ» አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል? «ስትቆጥሩ ይመጣል።»
አሥር አሉ፤ የለም። ሃያ፤ የለም። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ይስቃል።
ሠላሳ። ትልልቆቹ ሰለቹ፣ ትንንሾቹ ብቻ ቀሩ፤
ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ... እዚያ ላይ ነው የዕውቀታቸው ድንበሩ።
ትንሽ ዝም አሉ። የተመካከሩ መሰለኝ። ባንድ አፍ፦
«ሠላሳ አሥር!»

በራ።
አምፖሉ፣ ማራገቢያው፣ ዘፈኑ ካቆመበት፣ የመንገዱ መብራት በየተራ።
እንዲያ ያለ ጭብጨባ፣ ለኔም ለማንም፣ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤
በየትኛውም ደብተር በሌለ ቁጥር በራ፤ እኔም እንደ ልጆቹ እጄን ሳየው ነበር።

አቶ ዚያድ በር ላይ ሁለት መቶ ሰጡኝ፤ «ግማሹ በጨለማ ነው ያለፈ፤
የቀረውን ነገ» አሉ። ነገ የሚባል ኪስ ስንቱን ብር አቀፈ!

አጥሩን ሳልፍ ረውዳ ከኋላዬ፣ ኬክ በእጇ፣ «ቆይ!» አለች፤
«ሳንቲሟስ? ከኔ ጆሮ አይደል የወጣች?»
ምን ይባላል? ሃያ ምስክር አላት። የገዛ ውሸቴ ነው የከሰሰኝ።
ሰጠኋት። ስትቀበለኝ እጄን ሳይሆን ዓይኔን አየች፤
እንዲያ አድርጎ ያየ ሰው፣ ከባርም ከሠርግም፣ አልገጠመኝ።

ደቻቱን በእግሬ እያቋረጥኩ፣ አሸዋው ጫማዬ ውስጥ እየገባ፣
ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ኪሮስ። «ወሪያ፣ ሳቢያንን ያጨለምከው አንተ ነህ?
ቅዳሜ ና። ሦስት መቶ። ፍሪጄን ግን በሩቁ፤ እንዳይነካው እጅህ።»
«ክፍያው በዕለቱ ነው?» ልል ስል ተዘጋ። ደቻቱም ዝም አለች።
ኪሴን ዳበስኩ፤ እንቁላሏ ደህና ናት።
ዛሬ አልጠብሳትም፤ ቅዳሜ ትሠራለች።